አምላክ ለምን ሰው ሆነ?

ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ስሌት፣ የሚያወጣ ሰው ስሌቱን የሚጀምረው 5500 በመደመር ነው። የያዘው ዓመት 2018 ከሆነ 7518 ይለዋል፤ ዓመተ ዓለም የሚባለው ይህ ነው። ለ4 ሲያካፍለው 1879 ደርሶ 2 ይተርፈዋል፤ 2 ከተረፈ ዘመኑ የማርቆስ ነው። 7518ንና 1879ን ደምሮ ለ7 ሲያካፍል ደግሞ 3 ይቀረዋል፤ ቆጠራው ከማክሰኞ ስለሚጀምር 3 ሐሙስ ነው፤ ስለዚህ መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ።

የዕለቱን ነገር እንተወውና ያችን 5500 እንያዝ። ሊቃውንቱ ዓመተ ፍዳ፣ ዓመተ ኩነኔ ይሏታል። ከእርሷ ወዲህ ያለው ዓመተ ምሕረት ነው። በየደረሰኙና በየቀጠሮ ወረቀቱ ከቁጥሩ ጎን ሳናስብ የምንጽፋት «ዓ.ም.» ሲፈታ ይኸው ነው። በኢትዮጵያ ትውፊት አዳም ከገነት ወጥቶ ሲያለቅስ እግዚአብሔር «በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» ብሎ ቃል ኪዳን ሰጥቶታል። በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነውና (2ኛ ጴጥ. 3፥8) አምስት ቀን ተኩሉ 5500 ዓመት ተብሎ ተቆጠረ። ቁጥሩን ቃል በቃል የሚወስደውም፣ ምሳሌ ነው የሚለውም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ዘመን ለሁለት የተከፈለው አምላክ ሰው በሆነበት ቀን ነው።

ጥያቄው ታዲያ ከባድ ነው። ሁሉን የሚችል አምላክ «ይቅር ብዬሃለሁ» ቢል አይበቃም ነበር? ነቢይ ወይም መልአክ ቢልክስ? ጥያቄውን ሙስሊም ጎረቤት ይጠይቀዋል፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅም ይጠይቀዋል፤ ከሁለቱም ወገን ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ የሚወሰነው ግን ከእርሱ በፊት በሚመጣ ሌላ ጥያቄ ነው፦ የሰው ልጅ የተበላሸበት ነገር ምንድን ነው? ሐኪም ምርመራውን ከሳተ መድኃኒቱንም ይስታል። የክርስትና መምህራን በተለያየ ዘመን ሞትን፣ ዕዳን፣ ባርነትን፣ የጠፋ መልክን እንደ በሽታው አይተዋል። ትምህርታቸው የሚለያየውም ከዚህ ተነስቶ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይቅርታ ብቻ ለምን አልበቃም?

በዚህ ጥያቄ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ሥርዓት ያለው መልስ የጻፈው አትናቴዎስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ328 የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ፤ በ373 እስኪያርፍ ድረስ አምስት ጊዜ ተሰደደ፤ ስደቱ ቢደመር 17 ዓመት ያህል ነው። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከውም እርሱ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። እግዚአብሔር አዳምን «ከእርሱ በበላህ ቀን ሞትን ትሞታለህ» ብሎታል (ዘፍ. 2፥17)። አዳም በላ። አሁን ሁለት ነገር ተጋጨ። ሞቱ ቢቀር የእግዚአብሔር ቃል ውሸት ሊሆን ነው። ሞቱ ቢፈጸም ደግሞ በራሱ መልክ የፈጠረው ፍጥረት እንደ እንስሳ በስብሶ ሊጠፋ ነው፤ ይህም ለቸርነቱ አይገባም። እንዲጠፋ ከሆነ ባይፈጥረው ይሻል ነበር።

ንስሐስ? አትናቴዎስ ይህን መውጫ አልዘለለውም። ነገሩ ጥፋት ብቻ ቢሆን ንስሐ በበቃ ነበር ይላል። ችግሩ ጥፋቱ መበስበስን አስከትሏል። ንስሐ ሰውን ዳግመኛ ከማጥፋት ይከለክለዋል፤ የጀመረውን መበስበስ ግን አይመልስም። «አትንካ» የተባለውን በረኪና ከጓዳ አንስቶ የጠጣን ልጅ እናስብ። አባቱ ልጁ ገና ሲያስል ይቅር ሊለው ይችላል፤ ቁጣ ላይኖረውም ይችላል። ይቅርታው ግን ጉሮሮውን አያድነውም። ልጁ ይቅርታም ሕክምናም ያስፈልገዋል፤ ሕክምናው ደግሞ ጉዳቱ እስካለበት ድረስ መግባት አለበት።

«እግዚአብሔር ዓለምን በቃሉ እንደፈጠረ ሰውንም በቃሉ ያድን» ለሚለውም መልስ አለው፣ እንደኛ አስተያየትም የትምህርቱ ጠንካራው ክፍል እዚህ ጋ ነው። ምንም በሌለበት ጊዜ፣ ለመፍጠር ትእዛዝ ይበቃል፤ የሚታከም ነገር የለምና። ሰው ከተፈጠረ በኋላ ግን የታመመው ያለው ነገር ነው። ሞት ከውጭ የቆመ ጠላት ቢሆን ከውጭ በተሰጠ ትእዛዝ ይባረር ነበር። ሞት ግን ከሥጋ ጋር ተሸምኗል። ስለዚህ ሕይወትም ከሥጋ ጋር መሸመን ነበረባት። ምሳሌው ጭድ ነው። ጭድን ከእሳት ብታርቀው ለጊዜው አይቃጠልም፤ ጭድ መሆኑ ግን አልቀረም፣ እሳትን ይፈራል። እሳት በማይበላው አስቤስቶስ ብትሸፍነው ግን እሳቱ መሐል ቢገባም አይፈራም። ትእዛዝ ሞትን ከሥጋ ያርቃል፤ ሥጋው ግን በባሕርዩ ሟች ሆኖ ይቀራል። ሕይወትን የለበሰ ሥጋ ሌላ ነው።

ከዚህ ላይ አዳኙ ማን መሆን እንዳለበት ይወጣል። መሞት የሚችል መሆን አለበት፤ አምላክ በባሕርዩ አይሞትም፣ ስለዚህ የሚሞት ሥጋ ያስፈልገዋል። ሞቶ ሞትን መሻር የሚችልም መሆን አለበት፤ ተራ ሰው ሞቶ ይቀራል፣ ስለዚህ ሕይወት የባሕርይ ገንዘቡ መሆን አለበት። ሁለቱን የሚያሟላ ፍጡር የለም። የዕብራውያን መልእክት ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሎታል፦ ልጆቹ በሥጋና በደም ስለሚካፈሉ እርሱም እንዲሁ ተካፈለ፣ በሞት ላይ ሥልጣን ያለውን በሞት እንዲሽር (ዕብ. 2፥14)። ገዳዩን መሣሪያ ለፈውስ ማዋል ነው። መልአክ ለዚህ አይበቃም፤ ሥጋ የለውም፣ ሕይወቱም የራሱ አይደለችም።

ዕዳው፣ ባርነቱ፣ ደብዳቤው

በጥምቀት ሰሞን በአገራችን የሚሰበክ አንድ ትውፊት አለ። ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን አስጨንቆ የባርነት ውል አጻፋቸው፦ «አዳም ገብሩ ለዲያብሎስ፣ ሔዋን አመቱ ለዲያብሎስ» የሚል፤ አዳም የዲያብሎስ ባሪያ፣ ሔዋን የዲያብሎስ ገረድ ማለት ነው። በሁለት ዕብነ በረድ ላይ ቀርጾ አንዱን በዮርዳኖስ፣ ሌላውን በሲኦል ጣለው። ክርስቶስ ዮርዳኖስ ገብቶ ሲጠመቅ የመጀመሪያውን አቀለጠ፤ በነፍሱ ሲኦል ሲወርድ ሁለተኛውን ደመሰሰ። መሠረቱ ስለ ዕዳ ጽሕፈት መደምሰስ የሚናገረው የቆላስይስ መልእክት ነው (2፥14)። ትውፊቱ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያስረዳው ነገር አለ፦ ደብዳቤው ያለው ውኃ ውስጥና ሲኦል ውስጥ ነው፤ ሊያጠፋው የሚመጣ ደግሞ በውኃ የሚነከር ሥጋና በሞት ወደ ሲኦል የምትወርድ ነፍስ ሊኖረው ግድ ነው።

በሽታውን እንደ ባርነት ወይም እንደ ዕዳ ያየ ሰው ወዲያው የሚገጥመው ጥያቄ «ቤዛው ለማን ተከፈለ?» የሚል ነው። ክርስቶስ ራሱ ነፍሱን ለብዙዎች ቤዛ ሊሰጥ እንደመጣ ተናግሯል (ማር. 10፥45)፤ ተቀባዩን ግን አልጠቀሰም። በአራተኛው መቶ ዓመት የኑሲስ ጳጳስ የነበረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ለዲያብሎስ ነው አለ፤ ምሳሌውም መንጠቆ ነው። ዓሣ ምግቡን እንጂ መንጠቆውን አያይም፤ ዲያብሎስም ሥጋውን አይቶ ሲውጥ በውስጡ ባለው መለኮት ተያዘ። ይህ ሐሳብ በእኛም ትምህርት ቤት ዘመድ አለው፦ ሰይጣን በእባብ ሥጋ ተሰውሮ እንዳሳተ፣ ቃልም፣ ማለትም ወልድ፣ በሥጋ ተሰውሮ ድል ነሣው ይባላል። ወዳጁና የዘመኑ ሰው የሆነው ሌላው ጎርጎርዮስ፣ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ፣ ግን አልተቀበለውም። ሽፍታ ለዘረፈው ዋጋ ይከፈለዋል? ደግሞስ ዋጋው ራሱ እግዚአብሔር ሊሆን? ለአብ ተከፈለ እንዳንል፣ የያዘን አብ አይደለም። እርሱ የደረሰበት መልስ አብ መሥዋዕቱን የተቀበለው ስለፈለገው ወይም ስለቸገረው ሳይሆን ሰው በአምላክ ሰውነት እንዲቀደስ ነው የሚል ነው። ቤዛ የሚለውን ቃል እስከ መጨረሻው ጎትቶ «ሻጭ ማን፣ ገዥ ማን» ማለት ምሳሌውን መስበር ነው፤ በዚህ ላይ ፍርዱ ለእንዚናዙ ያደላል።

በምዕራቡ ዓለም ነገሩ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። አንሴልም የተባለው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ በ1098 ስለዚሁ ጥያቄ ብቻ አንድ መጽሐፍ ጨረሰ። ከዲያብሎስ ጋር ምንም ሒሳብ የለም አለ። ኃጢአት ማለት ለእግዚአብሔር የሚገባውን አለመስጠት ነው፤ የተነካው ክብር መካስ አለበት። ክፍያው ስንት ነው? አንድ ሰው «ወዲያ ተመልከት» ቢልህና እግዚአብሔር «አትመልከት» ቢል፣ ዓለም ሁሉ የሚጠፋ ቢሆን እንኳ ዓይንህን ማዞር አይገባህም፤ ስለዚህ የአንዲት አለመታዘዝ ክብደት ከዓለም ይበልጣል። እንግዲህ ከዓለም የሚበልጥ ካሳ መክፈል የሚችለው እግዚአብሔር ብቻ ነው። መክፈል ያለበት ግን ሰው ነው፤ ያጠፋው እርሱ ነውና። ከፋዩ ስለዚህ አምላክም ሰውም መሆን አለበት። ሕይወቱን በሙሉ መታዘዝ እንደ ሰው ዕዳው ነው፤ ኃጢአት ስለሌለበት ሞት ግን ዕዳው አይደለም። በፈቃዱ ሲሞት ከዕዳው በላይ ሰጠ፤ ትርፉ ለእኛ ሆነ።

በ16ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መምህራን ቃሉን ከክብር ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት፦ ቅጣት ተፈርዷል፣ ክርስቶስ በእኛ ቦታ ተቀጣ። ኢሳይያስ 53ና ገላትያ 3፥13 ዋና ማስረጃዎቻቸው ናቸው፤ በአገራችን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ስብከት በብዛት የሚሰማውም ይህ አቀራረብ ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰባኪ የሚሰናከልበት ቦታ የታወቀ ነው። «አብ ተቆጥቶ ሊያጠፋን ሲል ወልድ ደርሶ ገላገለን» የሚል ስብከት ሥላሴን ለሁለት ይከፍላል፣ ቁጡ አባትና ሩኅሩኅ ልጅ። ዮሐንስ 3፥16 ግን ዓለሙን የወደደውና ልጁን የሰጠው አብ ነው ይላል። የሦስቱ ፈቃድ አንድ ነው፤ አንዱ ሌላውን አላባበለም።

የጠፋ መልክ

ሦስተኛው ምርመራ አጭር ነው፤ ግን ከሁሉ የሚቀድም ነው። ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ፣ መልኩ ደበዘዘ። አትናቴዎስ በእንጨት ላይ ስለተሣለ ሥዕል ይናገራል፦ ሥዕሉ በእድፍ ቢጠፋ ሠዓሊው እንጨቱን አይጥለውም፤ የተሣለው ሰው ተመልሶ መጥቶ ይቀመጥና በዚያው እንጨት ላይ መልኩ እንደገና ይሣላል። መልኩ የማን እንደሆነ ከታወቀ መምጣት ያለበትም ማን እንደሆነ ይታወቃል። ከሦስቱ አካላት ወልድ ለምን ሰው ሆነ ለሚለው መልሱ ከዚህ አይርቅም፦ እርሱ የማይታየው አምላክ ምሳሌ ነው (ቆላ. 1፥15)፣ ሁሉ በእርሱ ተፈጥሯል (ዮሐ. 1፥3)፣ የጠፋውን ልጅነት የሚመልሰውም በባሕርዩ ልጅ የሆነው ነው።

ከአትናቴዎስ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀድሞ የሊዮኑ ጳጳስ ሄሬኔዎስ ደግሞ አዳም የሄደበትን መንገድ ክርስቶስ ከሥር ጀምሮ እንደገና ሄደበት ይላል። ያልታዘዘች ሔዋን፣ የታዘዘች ማርያም፤ የሞት ዛፍ፣ የሕይወት መስቀል። የ30 ዓመት ሰው ሆኖ ከሰማይ ሊወርድ ሲችል ሕፃን ሆኖ መወለዱም ለዚህ ነው፦ ሕፃንነትንም፣ ልጅነትንም፣ ጉልምስናንም ለመቀደስ። ሉቃስ «በጥበብና በቁመት ያድግ ነበር» ሲል (2፥52) እንደዋዛ የጻፈው አይደለም።

አንዱን ጫፍ ሲቆርጡት

ከላይ ያየናቸው ምርመራዎች በሌላው ይለያዩ እንጂ አዳኙ ፍጹም አምላክ፣ ፍጹም ሰው መሆን አለበት በሚለው አንድ ናቸው። የጥንት ጉባኤያት የተሰበሰቡትም ከሁለቱ አንዱን የሚቆርጥ ሲነሣ ነው። ቃላቱ ሲነበቡ የፍልስፍና ጣጣ ይመስላሉ፤ ከበስተጀርባቸው ያለው ግን «እንዲህ ከሆነ ድነናል ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው።

የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ ወልድ ፍጡር ነው አለ። ፍጡር ከሆነ ሕይወቱ የተበደራት ናት፤ ለሌላ ሊያካፍላት አይችልም። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት፣ እኛ ሠለስቱ ምእት የምንላቸው 318 አባቶች፣ «ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ» የሚለውን አስገቡ፤ ወዲያው ተከትሎም ስለ እኛ ስለ ሰዎች፣ እኛን ለማዳን ከሰማይ እንደወረደ ተናገሩ። ማንነቱና ምክንያቱ በጸሎተ ሃይማኖት ጎን ለጎን የቆሙት በአጋጣሚ አይደለም።

የሎዶቅያው ጳጳስ አቡሊናርዮስ በተቃራኒው ክርስቶስ የሰው ሥጋ አለው፣ የሰው አእምሮ ግን የለውም፤ በአእምሮው ፋንታ ቃል ነው አለ። ይህ ለብዙ ቅን ምእመን ዛሬም የሚጥም አሳብ ነው፤ ኢየሱስን ሥጋ እንደለበሰ መለኮት ብቻ አድርጎ የሚያስብ ብዙ ነው። እንዚናዙ የሰጠው መልስ ግን ነገሩን ቆርጦታል፦ ያልተዋሐደው አልተፈወሰም። አዳም በመጀመሪያ የበደለው በአሳቡ ነው። አሳቡ ሳይነካ ሥጋው ብቻ ከዳነ፣ ቁስሉ ላይ ሳይሆን ከቁስሉ ጎን ፋሻ እንደማሰር ነው። በጌቴሴማኒ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ እስኪወርድ የጸለየው (ሉቃ. 22፥44) የሰው ነፍስና የሰው ፈቃድ ስላለው ነው። ሥጋው ምትሐት ነው ያሉትም ከዚሁ ገደል ይገባሉ፤ ምትሐት አይራብም፣ በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ደክሞት አይቀመጥም፣ ለአልዓዛር አያለቅስም፣ አይሞትም።

የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ንስጥሮስ ሁለቱን ሳይቆርጥ ለያያቸው፤ ከማርያም የተወለደው ሰው ነው፣ በእርሱ ያደረው ደግሞ ቃል ነው የሚል ትምህርት ሆነ። በ431 በኤፌሶን ጉባኤ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቄርሎስ ተነሣበት። ሁለት ከሆኑ መስቀል ላይ የሞተው አንድ ጻድቅ ሰው ብቻ ነው፤ የአንድ ጻድቅ ሞት ደግሞ ከአቤል ጀምሮ አለ።

«ሆነ» ማለት ምን ማለት ነው?

«ቃል ሥጋ ሆነ» (ዮሐ. 1፥14)። በአማርኛ «ሆነ» ሰፊ ቃል ነው፤ ውኃ በረዶ ሆነ፣ ልጁ መምህር ሆነ፣ ወተቱ እርጎ ሆነ እንላለን። የተዋሕዶ መምህራን ከእነዚህ የትኛው እንዳልሆነ አንድ በአንድ ለይተው ያስጠናሉ።

ውላጤ አይደለም፦ የሎጥ ሚስት የጨው ሐውልት እንደሆነች፣ የቃና ውኃ ወይን እንደሆነ አይደለም፤ ያኔ የፊተኛው ይጠፋል። ሚጠት አይደለም፦ የሙሴ በትር እባብ ሆና ተመልሳ በትር ሆነች፤ ቃል ግን ለጊዜው ሰው ሆኖ ኋላ አልተመለሰም። ሕድረት አይደለም፦ ሰይፍ በሰገባ፣ ውኃ በማድጋ ያድራል፤ ሰገባውን ሰይፍ የሚለው ግን የለም። ቱሳሔ አይደለም፦ ማርና ውኃ ተቀላቅለው ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነገር ይወጣል። ትድምርት አይደለም፦ ልብስ በልብስ ላይ ይደረባል፣ ሲፈለግ ይወልቃል። ቡዓዴም፣ መለያየት፣ የለበትም።

ታዲያ ምን ይመስላል? የሚመረጠው ምሳሌ የጋለ ብረት ነው። ብረቱ ከፍም መሐል ገብቶ ወናፉ ሲነፋበት ቆይቶ ይቀላል፤ ያን ጊዜ ብረቱ ያበራል፣ ይፋጃል። ማብራትና መፋጀት የእሳት ጠባይ ነበር፤ አሁን የብረቱ ሆነ። እሳቱም በብረቱ ርዝመትና ቅርጽ ተገኘ፤ ቅርጽ የብረት ጠባይ ነበር። ብረቱ ብረትነቱን፣ እሳቱም እሳትነቱን አልተወም። አንጥረኛው በመዶሻ ሲመታው የሚቀጠቀጠው ብረቱ ነው፤ እሳቱ ከብረቱ አልተለየም፣ ግን አይጎብጥም። «አምላክ ሞተ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እዚህ ውስጥ አለ፦ የሞተው በሥጋ ነው፣ ሥጋው ግን የሌላ የማንም አይደለም፣ የራሱ የቃል ነው። ሊቃውንቱ «የቃል ገንዘብ ለሥጋ፣ የሥጋ ገንዘብ ለቃል ሆነ» ይላሉ። ምሳሌም ልክ አለው፤ ብረት ከእሳት ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ተዋሕዶ ግን አይቀዘቅዝም።

በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ክርስቶስ «በሁለት ባሕርይ» ይታወቃል የሚል ቃል ሲወጣ የእስክንድርያ፣ የኢትዮጵያ፣ የአርመንና የሶርያ ወገኖች አልተቀበሉትም፤ «ከሁለት አካል አንድ አካል፣ ከሁለት ባሕርይ አንድ ባሕርይ» በሚለው ጸኑ። ካቶሊኮች፣ ግሪኮችና አብዛኞቹ ወንጌላውያን ኬልቄዶንን ይዘዋል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ይሁንና ሁለቱም ወገን ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው ይላል፣ ሁለቱም ሥጋው በመለኮት ተውጧል ያለውን አውጣኪን ያወግዛል። በ1973 በሮማው ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛና በግብጹ ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ የተፈረመው የጋራ መግለጫ ይህን የጋራ መሬት በጽሑፍ አስቀምጧል።

በአገራችንም ነገሩ ጸጥ ያለ አልነበረም። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሐዋርያት ሥራ 10፥38 ላይ «ቀባው» የሚለው ቃል ሊቃውንቱን ከፈለ። ቅባቶች ሥጋ የከበረው በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ነው አሉ፤ ጸጎች ከመንፈስ ቅዱስ የሆነ የጸጋ ልደት ጨምረው ሦስት ልደት ቆጠሩ፤ ተዋሕዶዎች ክብሩ ከተዋሕዶው ነው፣ ልደቱም ሁለት ብቻ ነው አሉ፤ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከእመቤታችን ያለ አባት። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው ሁለት ልደት እንዲጸና ተወሰነ። ክርክሩ የቃላት ብቻ አልነበረም፤ ክብሩ በኋላ የተጨመረለት ከሆነ፣ በማኅፀን ሳለ ሥጋው የአምላክ ሥጋ ነበር ወይስ አልነበረም የሚል ነው።

ይህ ለአምላክ ይመጥናል?

የአይሁድና የእስልምና ዋና ተቃውሞ እዚህ ላይ ነው፦ ልዑሉን ከማኅፀን፣ ከረሃብና ከመስቀል ጋር ማያያዝ ክብሩን ይነካል። ተቃውሞው ከአክብሮት የመጣ ነው። ከክርስቲያን ወገን ሁለት መልስ ይሰጣል። አንደኛው፣ ፀሐይ ጭቃ ላይ ብታበራ አትቆሽሽም፤ ርኩሰቱ በኃጢአት ነው፣ ማኅፀንም ረሃብም ኃጢአት አይደሉም። ሁለተኛው የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ነው፦ እሳት ወደ ላይ ቢወጣ የሚደነቅ የለም፣ ጠባዩ ነው፤ ነበልባል ወደ ታች ቢወርድ ግን ሁሉ ይደነቃል። ሰማያትን መፍጠር ለአምላክ ጠባዩ ነው፤ ኃይሉ ይበልጥ የታየው ወደማይጠበቅበት ዝቅ ማለት በመቻሉ ነው።

«ከሰማይ ወረደ» ሲባልም ዙፋኑ ባዶ ቀረ ማለት አይደለም። በማርያም ማኅፀን ሳለ ዓለሙን ይዞ ነበር፤ ሥጋው በአንድ ቦታ ይወሰናል፣ መለኮቱ አይወሰንም። መውረድ የተባለው ትሕትናው ነው።

አዳም ባይበድል ኖሮስ? በዚህ ላይ ሊቃውንቱ አንድ አይደሉም። በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው የምዕራቡ መምህር ቶማስ አኲናስ፣ መጻሕፍት ምክንያቱን ኃጢአት ስለሚያደርጉት ባይበድል ሰው ባልሆነም ነበር ወደ ማለት ያደላል፤ እግዚአብሔር በሌላ መንገድ ማዳንም ይችል እንደነበር ይጨምራል። ከእርሱ ጥቂት ቆይቶ የመጣው ዱንስ ስኮተስ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ በአዳም ስሕተት ላይ ሊንጠለጠል አይገባም፣ ባይበድልም ይመጣ ነበር ይላል። ለስኮተስ ሕክምናው የፍቅሩ አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

በዚህ ክርክር የትኛውንም ወገን ብንይዝ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነጥብ አለ። ሥጋው ለ33 ዓመት ብቻ የተዋሰው ይመስል፣ ካረገ በኋላ እንደተወው የሚያስብ ሰው አያጡም። ይህ ሚጠት ነው፣ የሙሴ በትር። ሉቃስ የጻፈው ሌላ ነው። ከሞት ተነሥቶ በደቀ መዛሙርቱ መካከል ሲቆም መንፈስ መሰላቸው፤ እጆቹንና እግሮቹን አሳያቸው፤ ገና ስላላመኑ «በዚህ አንዳች የሚበላ አላችሁን?» አለ። ከተጠበሰ ዓሣ አንድ ቁራጭ፣ ከማር ወለላም ሰጡት፤ ተቀብሎ በፊታቸው በላ። በአብ ቀኝ ተቀመጠ የምንለው ያን የበላውን ሥጋ እንደለበሰ ነው።